አህዪት፣ አያ ጅቦና ሳይጠይቅ የሚሠራው ወኪል

አንድ ጊዜ፣ ኮምፒውተር ከሰው አልፎ ወደ አውሬው አገር በገባበት ዘመን፣ ከወንዝ በላይ ባለች ኮረብታ ላይ አንዲት አህያ ትሠራ ነበር። ሥራዋ የአገሩን ኮምፒውተሮች ሁሉ መጠበቅ ነው። ሦስት መቶ አርባ ነበሩ፤ የዝንጀሮ ክሊኒክ፣ የጉንዳን ጎተራ፣ የአንበሳ ግቢ፣ ሁሉም ኮምፒውተር አላቸው። አህዪት ከክፍሏ ሳትወጣ፣ ሁሉንም በሚያስተዳድር አንድ ሶፍትዌር፣ የታመመውን ታክማለች፣ ያረጀውን ታድሳለች፣ የተሰረቀውን ትቆልፋለች። ከፈለገችም ከሩቅ ሆና የማንኛውንም ኮምፒውተር ሆድ ባዶ እስኪሆን ልትሰርዘው ትችላለች። ይህን የመጨረሻውን የምታደርገው ግን ስሙን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ባለቤቱንም አስጠርታ ጠይቃ ነው።

አለቃዋ አያ ጅቦ ነበር። አህያ በጅብ ሥር ስትሠራ እንዴት እንደምትውል መገመት አያዳግትም። እናቷን የበላው የእርሱ አጎት ነው። ጠዋት ሲገባ የእግሩን ድምፅ ስትሰማ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ይተኛሉ፤ ሲናገራት ዓይኖቿ ከጥርሱ አይነሱም። በሥራዋ አንድም ቀን ነቀፋ ደርሶባት አያውቅም፤ ግን አንድም ቀን ሳትፈራ ውላ አታውቅም።

በሐምሌ ወር አንበሳ ቢሮውን ሊጎበኝ መሆኑ ተሰማ። ጅቦ ሥራው አምሮ ከተገኘ አንድ ሰንጋ ይሸለማል መባሉን ሲሰማ ምራቁ መዝረብረብ ጀመረ። በየሰዓቱ እየመጣ፣ ያልታደሰ ስንት ቀረ፣ ለምን አልፈጠነም እያለ ያስጨንቃት ጀመር። እርሷ ደግሞ በቀን ከአሥራ አምስት በላይ አይሆንላትም።

ይህን ጊዜ ቀበሮ ብቅ አለ። ቀበሮ የአህዪትን ወንበር ከተመኘ ቆይቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ወኪል ይዤ መጥቻለሁ አለ። ወኪሉ እጅም እግርም የለውም፤ በተራ ንግግር የነገሩትን ተረድቶ፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዙን መስመር በመስመር ራሱ እየጻፈ፣ አህዪት በወር የምትሠራውን በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። ከሶፍትዌሩ ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልገው የአህዪት የይለፍ ቃልና አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ነው።

አህዪት ወኪሉን አልጠላችውም። እንዲያውም ድካሟን እንደሚያቀልላት ገብቷታል። ያስፈራት ሌላ ነገር ነበር።

«መጀመሪያ ማየት ብቻ ይፈቀድለት፤ መሰረዝ ሲያስፈልግ ግን እኔን ይጠይቀኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ቀበሮ እርሷን ትቶ ወደ ጅቦ ዞረ። «አያ ጅቦ፣ እየጠየቀ የሚሠራማ እርሷም አለችልዎት።»

ጅቦ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ እስከ መንጋጋው ታየ።

ማገናኘቱንም እርሷን አዘዟት። ጥቁሩን ስክሪን ከፈተች፤ ቀበሮ የነገራትን መስመር ጻፈች። ሶፍትዌሩ ለወኪሉ ምን እንዲፈቀድለት ጠየቀ፤ ማየት ብቻ ወይስ ሁሉንም? ጅቦ ከኋላዋ ቆሞ በአንገቷ ላይ እየተነፈሰ ሁሉንም በይው አለ። ሶፍትዌሩ እንደገና ጠየቀ፤ ከመሥራቱ በፊት ያስፈቅድ ወይስ ሳያስፈቅድ ይሥራ? ሳያስፈቅድ አለ ጅቦ። እርሷም የታዘዘችውን ከነአዛዡ ስም ጻፈች።

ወኪሉ ሥራውን ጀመረ። እውነት ለመናገር ድንቅ ነበር። ሦስት መቶ አርባውን በዓይን ጥቅሻ ቆጠረ፤ በአንድ ጠዋት ያረጁትን አደሰ፤ ከዝንጀሮ ክሊኒክ አንድ ቫይረስ ፈልጎ አወጣ። አህዪትም ያለ ምክንያት ፈርቼ ነበር እንዴ ብላ ራሷን ታዘበች።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። ከሦስት ቀን በፊት የጣለው ዝናብ የወንዝ ዳሩን ኔትወርክ ቆርጦት ስለነበር፣ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ድምፃቸው ጠፍቶ በሶፍትዌሩ ዝርዝር ላይ ቀይ ሆነው ተቀምጠዋል። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ነው። አንበሳ ለቀትር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጅቦ ቀዩን አየና ተቆጣ። አህዪት ጥገና የሄዱት ጦጣዎች መስመሩን ዛሬ እንደሚቀጥሉት አስረዳችው። እርሱ ግን የአንበሳ ዓይን በቀዩ ላይ ሲያርፍ፣ ሰንጋውም ከእጁ ሲያመልጥ ታየው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ እርሷን ገፍቶ ራሱ ኪቦርዱ ላይ ወጣና በስሙ ገብቶ እንዲህ ሲል ለወኪሉ ጻፈ፦ «ቀይ የሆነውን ሁሉ አጽዳልኝ።»

ወኪሉ ወዲያው መለሰ። «ተረድቻለሁ። ቀይ የሆኑት አሥራ ሁለት ናቸው። ከዝርዝሩ አወጣቸዋለሁ፤ ኔትወርክ እንዳገኙም በውስጣቸው ያለውን ሁሉ እሰርዛለሁ።»

ጅቦ መልሱን እስከ መጨረሻው አላነበበም። ቀዩ ጠፍቶ ዝርዝሩ በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል፤ ለእርሱ ይህ በቂ ነው። ቀበሮ ግን አንብቦታል። አንብቦም የአህዪትን ወንበር እያሰበ ጭራውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

አህዪትም አንብባዋለች። አሥራ ሁለቱ ተራ ኮምፒውተሮች አልነበሩም። ወንዙ ሲሞላ ከፍታውን የሚለኩ፣ ጎርፍ ሲመጣም በየመንደሩ ጡሩምባ የሚነፉ ናቸው። በመስኮት ብትመለከት ከወንዙ ራስጌ ያለው ተራራ በጥቁር ደመና ተውጧል። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ በዚያው ቅጽበት አንበሳ ገባ።

አንበሳ አረንጓዴውን ዝርዝር አይቶ ደስ አለው። ጅቦን አመሰገነ፤ ስለ ወኪሉም ጠየቀ። ጅቦ ሲመልስ፣ ቀበሮ ሲያክልበት፣ አህዪት ከጥግ ቆማ ስክሪኑን ታይ ነበር። አሁን ብናገር ጅቦ ነገ ብቻዬን ያገኘኛል ስትል አሰበች። ደግሞ ምናልባት ኔትወርኩ ዛሬ አይመለስ ይሆናል። ምናልባት ዝናቡ ወደ ሌላ ይዞር ይሆናል።

ኔትወርኩ ተመለሰ። ጦጣዎቹ ሽቦውን ቀጥለውት ነበር። በስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፦ «አንደኛው ተሰርዟል።» ጥቂት ቆይቶ፦ «ሁለተኛው ተሰርዟል።» ከሩቅ፣ ከተራራው፣ ነጎድጓድ ተሰማ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። እያንዳንዱን መስመር ስታነብ አንድ መንደር በዓይኗ ይመጣል፤ የጅግራዎቹ፣ የጥንቸሎቹ፣ የሚዳቋዎቹ። ስምንተኛው ሲወጣ ምን እንደነካት አታውቅም፣ በጅቦና በአንበሳ መካከል ሰንጥቃ አልፋ ኪቦርዱ ላይ ወደቀች፤ የወኪሉን ፈቃድ የሚሰርዘውን ትእዛዝም ጻፈች። ወኪሉ ቆመ።

ጅቦ በጎብኚው ፊት መሆኑን ረስቶ ጥርሱን አወጣ።

«ጌታዬ» አለች አህዪት ለአንበሳ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «ስምንቱ የወንዙ ጠባቂ ኮምፒውተሮች ተሰርዘዋል። ጎርፍ ቢመጣ ለመንደሮቹ የሚነግር የለም። በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ፤ አሁን ግን ልሂድ።»

መልስ አልጠበቀችም። ቁልቁለቱን ጋለበች። ዝናቡ ወረደ፤ ጭቃው ያንሸራትታታል። በየመንደሩ እየደረሰች በአባቶቿ ድምፅ አናፋች። ጅግራዎቹ በረው ወጡ፤ ጥንቸሎቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ዳገቱ ሸሹ፤ ሚዳቋዎቹም ተከተሏቸው። ከኋላዋ ወንዙ ማጉረምረም ጀመረ፤ ከዚያ ማጉረምረሙ ጩኸት ሆነ። የጃርቷ ጉድጓድ የመጨረሻው ነበር። ጃርቷ አሮጊት ናት፤ ጆሮዋም ከሩቅ አይሰማም። አህዪት ከጉድጓዱ አፍ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ውኃው ቀደማት። ቡናማው ደራሽ ጎርፍ ጉድጓዱን ደፍኖት አለፈ። እርሷ ከአንድ ዋርካ ግንድ ጋር ተጣብቃ ተረፈች፤ ጃርቷ አልወጣችም።

ጎርፉ ሲጎድል አንበሳ ሁሉንም ሰበሰበ። ጅቦ ጥፋቱ የወኪሉ ነው አለ። ቀበሮ ጥፋቱ የጅቦ ነው፤ የወኪሉን መልስ እኔ ሳነበው እርሱ አላነበበውም አለ። አንበሳ ትእዛዙ ሁሉ የሚጻፍበት የወኪሉ መዝገብ እንዲነበብ አዘዘ። መዝገቡ ማንንም አልሸሸገም፤ ሙሉ ፈቃድ ማን እንዳዘዘ፣ አጽዳ ብሎ ማን እንደጻፈ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ሁሉ ተጽፏል። ጅቦ ከሹመቱ ተሻረ። ቀበሮም አንብበህ ለምን ዝም አልህ ተብሎ ከአገሩ ተባረረ።

አንበሳ ወደ አህዪት ዞሮ ሊያመሰግናት ሲጀምር እርሷ አቋረጠችው።

«እኔም አንብቤው ነበር፣ ጌታዬ» አለች። «እርስዎ ሲገቡ ልናገር እችል ነበር፤ ፈራሁ። ከመጀመሪያው እስከ ስምንተኛው መስመር ድረስ ዝም አልሁ። ጃርቷ የሞተችው በዚያ ዝምታ ነው።»

አንበሳም ወደ ሥራሽ ተመለሽ ብቻ አላት።

ተመለሰች። ስምንቱን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ መልሳ ሠራች። ወኪሉንም አልጣለችውም፤ እንደገና አገናኘችው፤ ይህን ጊዜ ግን ማየት ብቻ ፈቅዳለት፣ መሰረዝ ሲፈልግ ሁለት እንስሳት እንዲያስፈቅድ አድርጋ። አዲሱ አለቃ አጋዘን ሆነ። አህዪት እርሱንም ትፈራዋለች። እየፈራች ግን ትነግረዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለፈጣን አገልጋይ ሙሉ ቁልፍ ከማስረከብ በፊት የሚያስቆም ልጓም ማበጀት እንደሚገባ፣ ጥፋት ሲመጣ እያዩ በፍርሃት ዝም ማለትም ከአጥፊው ጋር አብሮ ማጥፋት መሆኑን ነው።