የጃርት ሦስተኛ ጥያቄ

እስቲ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው አራዊት እንደ ሰው በሚነጋገሩበት፣ ዛፍና ነጋሪትም አፍ አውጥተው በሚመልሱበት በዚያ በድሮ ዘመን ነው።

በአንድ ትልቅ ጫካ ውስጥ አንዲት ጃርት ነበረች። በታችኛው መስክ የሚኖሩት ትናንሾቹ፣ ቆቅም፣ ጥንቸልም፣ ፍልፈልም ተሰብስበው «አንቺ ተናገሪልን» ብለው ወደ ሸንጎ የላኳት እሷን ነበር። ጃርት ግን ድምፅዋ ቀጭን ነው። ተሰብሳቢ ሲበዛ ደግሞ ይብስባታል።

ጫካው መሥሪያ ቤቶች ነበሩት። የውሃው ለብቻ፣ የመንገዱ ለብቻ፣ የእሳቱም ለብቻ። የእሳቱ ኃላፊ አያ ጎሽ ነበር። ሥራው በጋ ሳይጠና በየመስኩ ዳርቻ ያለውን ደረቅ ሣር ማስጠረግ ነው። ሣሩ ከተጠረገ፣ እሳት ቢነሳ የሚበላው አጥቶ ዳር ላይ ይቆማል። ካልተጠረገ ሰተት ብሎ ይገባል።

ባለፈው በጋ ሰተት ብሎ ገባ። ቆቅ ስምንት እንቁላል ታቅፋ ነበር። እሳቱ ሲመጣ አልተነሳችም፤ ክንፏ እስኪለበለብ ድረስ አልተነሳችም። ስትነሳ ከስምንቱ አንድም አልተረፈም።

ዘንድሮም ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ሣሩ ቢጫ ሆነ። ጠራጊ አልመጣም። ቆቅ ወደ ጃርት ሄደች።

«እመት ጃርት፣ እንቁላል መጣያዬ ደርሷል» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

«የት ልጣለው ታዲያ?»

ጃርት «ሸንጎ ላይ እጠይቅልሻለሁ» አለች።

ሸንጎው የሚቀመጠው በላይኛው መስክ፣ በትልቁ ሾላ ሥር ነው። ሰብሳቢው አያ ኤሊ ነው። ከጎኑ ነጋሪት ቆሟል፤ አንድ ኃላፊ መልስ በሰጠ ቁጥር የሚጎሰመው እሱ ነው። ሸንጎው በተቀመጠበት ቀን ጃርት ተነስታ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ «የታችኛው መስክ ሣር ለምን አልተጠረገም?» ብላ ጠየቀች።

ጎሽ ከተቀመጠበት ተነሳ። ድምፁ የሾላውን ቅጠል ያርገፈግፋል።

«የተከበርሽ የሸንጎው አባል፣ የታችኛው መስክ ለእኛ የዓይናችን ብሌን ነው። ያለፈው ዓመት ሐዘን የሁላችንም ሐዘን ነው። ዘንድሮ አይደገምም» አለ።

ሸንጎው አጨበጨበ። ነጋሪቱም «ድም፣ ድም፣ ድም። ተመለሰ፣ ተመለሰ፣ ተመለሰ» አለ።

ጃርት «ኧረ አልተመለሰም» አለች። ማንም አልሰማትም። ሸንጎው ተበተነ፤ እሷ ግን ከሾላው ሥር ቁጭ አለች። የተሰጣትን መልስ ለቆቅ እንዳለ ልትነግራት ፈልጋ አንድ በአንድ ብታስታውሰው፣ ብትገለብጠው፣ የሚያዝ ነገር አጣችበት።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አላት አንድ ወፍራም ድምፅ። ሾላው ነበር።

«ጠይቄ ነበር፣ አባባ ሾላ። መልሱን ነፋስ ወሰደብኝ።»

«ከግንዴ ላይ የተሰካችውን ችንካር ታያለሽ?»

ጃርት ቀና ብላ አየች። አሮጌ የእንጨት ችንካር ከቅርፊቱ መሃል ወጣ ብሏል፤ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ይህን ሸንጎ ያቋቋሙት ሽማግሌዎች ናቸው የሰኩት» አለ ሾላው። «ሕግም ሠርተውለት ነበር። ማንኛውም የሸንጎ አባል ጥያቄውን ልጥ ላይ ጽፎ እዚህ ይሰቅላል። የተጠየቀው መሥሪያ ቤት በአሥር ቀን ውስጥ መልሱን ጽፎ፣ ኃላፊው ኮቴውን አሳርፎበት፣ ከጥያቄው ጎን ይሰቅላል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነበዋል። ሕጉ አልተሻረም። ተረሳ እንጂ።»

ጃርት ያንኑ ቀን ከዛፍ ልጥ ልጣ አደረቀች። ከተቃጠለው የመስካቸው ጉቶ ጥላሸት ፍቃ፣ ከግራር ሙጫ ጋር በጥብጣ ቀለም ሠራች። ብዕር ግን የላትም። ጥርሷን ነክሳ ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቀለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጻፈች፦ «በታችኛው መስክ ያለው ሥራ እንዴት ነው?»

አያ ኤሊ ጥያቄው ተሰቅሎ ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ሕግ ነው» አለ።

በአሥረኛው ቀን መልሱ ተሰቀለ። የጻፈው የጎሽ ጸሐፊ ዝንጀሮ ነው። ልጡ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፦ «ሥራው በወጣለት መርሐ ግብር መሠረት፣ በከፍተኛ ትኩረት፣ ከሚመለከታቸው ሁሉ ጋር በመቀናጀት፣ በተጠናከረ ሁኔታ እየተካሄደ ይገኛል።» ከሥሩ የጎሽ ኮቴ አርፎበታል።

ቆቅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ደስ ይላል» አለች። ከዚያ «ግን የት ነው?» አለች።

ጃርት ሾላውን ቀና ብላ አየችው።

«እንዴት ነው ብለሽ ጠየቅሽው፣ ደህና ነው አለሽ» አላት ሾላው። «ምን አጠፋ?»

ጃርት ሁለተኛ እሾህ ነቀለች። አሁን ብልጥ የሆነች መሰላት። ያላትን ጥያቄ ሁሉ በአንድ ልጥ ላይ ደረደረችው፦ ማን ተላከ? መቼ ተላከ? ስንት እርምጃ ተጠረገ? ለምን ዘገየ? መቼ ያልቃል?

በአሥረኛው ቀን መልሱ ተሰቀለ። ዝንጀሮ ከአምስቱ አንዱን ብቻ መርጦ መልሶ ነበር፦ «በጫካው በጠቅላላው ሦስት ሺህ እርምጃ ሣር ተጠርጓል።»

ሸንጎው «እሰይ፣ ይህ ነው ሥራ» ተባባለ። ነጋሪቱ ማንም ሳያዘው ጎሰመ። ጃርት ግን ዞር ብላ አየች። ያሉበት የላይኛው መስክ ዳርቻው በሙሉ እንደ አውድማ ጸድቷል፤ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ተጠርጓል። ሸንጎው የሚቀመጠው እዚህ ነው፤ ሸንጎው የሚያየውም ይህንኑ ነው።

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትወርድ ዝንጀሮ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«እመት ጃርት፣ ምን አድርገንሽ ነው?» አላት። «መሥሪያ ቤቱ ሥራ ፈታ እኮ። ጠዋት ማታ የአንቺን ልጥ ስንመልስ ነው የምንውለው። እሾህሽም ያልቃል፤ ራቁትሽን ልትቀሪ ነው።»

«ይበቅላል» አለች ጃርት።

ዝንጀሮ ጭንቅላቱን አከከ። ድምፁ ተለወጠ። «እውነቱን ልንገርሽ? እናንተ ዘንድ ስንት እንደተጠረገ አላውቅም። ጠራጊዎቹ ከርከሮዎቹ ናቸው። ወረዳችሁ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው 'ይወረዳል' ይሉኛል። 'አልተሠራም' ብዬ ብጽፍ ደግሞ ከሥራ የምባረረው እኔ ነኝ። አምስት ልጆች አሉኝ።»

ጃርት ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ቁጣው አልመጣላትም። «እንግዲያው አንተ የማትፈራውን ጥያቄ እጽፋለሁ» አለችው። «አንተ ልትመልሰው የማትችለውን። ኃላፊህ ራሱ ካልሆነ የማይመልሰውን።»

ሦስተኛውን እሾህ ነቀለች። ሁለት ቀን ሙሉ አሰበችበት። ጻፈች፣ ፋቀች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ ልጡ ላይ የቀረው አንድ መስመር ነው፦ «በታችኛው መስክ፣ ከጅረቱ እስከ ድንጋይ ክምሩ ባለው ዳርቻ፣ እስከ ዛሬ የተጠረገው ስንት እርምጃ ነው? መልሱ ቁጥር ብቻ ይሁን።»

አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፣ ሰባት ቀን አለፈ። ነፋሱ ከቆላ በኩል መንፈስ ጀመረ። ቆቅ ከእንግዲህ መጠበቅ አልቻለችም፤ ያው መስክ ውስጥ፣ ያው ደረቅ ሣር መሃል ሰባት እንቁላል ጣለች።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጃርት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ከጎሬዋ ብቅ ብትል፣ አያ ጎሽ ብቻውን ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። ጸሐፊ የለ፣ አጃቢ የለ። ሣሩ ሆዱ ድረስ ይደርሳል።

«ጃርት ማለት አንቺ ነሽ?» አላት። ሸንጎ ላይ ስንት ጊዜ አይቷት አላስታወሳትም።

«እኔ ነኝ፣ አያ ጎሽ። ምን እግር ጣለዎት?»

«ጥያቄሽ አጭር ነበር፤ አነበብኩት» አለ ጎሽ። «የፊተኞቹን አላነበብኳቸውም። ዝንጀሮ ልጡን ያቀርብልኛል፣ እኔ ኮቴዬን አሳርፋለሁ። ይህኛውን ግን ሲያመጣው ቁጥሩ ባዶ ነበር። ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው አላውቅም አለኝ። ከርከሮዎቹን ጠራሁ። አንዱ አምስት መቶ አለኝ፣ አንዱ ሁለት መቶ አለኝ፣ ሦስተኛው መሬት መሬት አየ። ራሴው ልቁጠር ብዬ መጣሁ።»

«አብረን እንቁጠር» አለች ጃርት።

ከጅረቱ ጀመሩ። ጎሽ ይራመዳል፣ ጃርት ከሥር ከሥር ትሮጣለች። ከጅረቱ እስከ ቁጥቋጦው ሄዱ፤ የተጠረገ የለም። ከቁጥቋጦው እስከ ገደሉ አፍ ሄዱ፤ የተጠረገ የለም። ከገደሉ አፍ እስከ ድንጋይ ክምሩ ሄዱ፤ የተጠረገ የለም። መንገድ ላይ ጎሽ እግሩን ሊያሳርፍ ሲል ጃርት «ቀስ ይበሉ፣ አያ ጎሽ» አለችው። ጎሽ ዝቅ ብሎ አየ። ቆቅ ከኮቴው ሥር፣ እንቁላሏን ታቅፋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። አንድ ክንፏ ላባ የለውም።

«ባለፈው ዓመት ነው?» አለ ጎሽ።

«ባለፈው ዓመት ነው» አለች ቆቅ።

ጎሽ እግሩን መልሶ ሌላ ቦታ አሳረፈ። ከዚያ ወደ ጃርት ዞረ።

«ይህን ጽፌ ልሰቅለው ነው? አገር እያየኝ?»

«እርስዎን ለማዋረድ አይደለም የጠየቅሁት» አለች ጃርት። ያን ቀን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ቁጥሩ ካልተጻፈ ሥራው የሚጀመርበት የለውም። ሁሉም ተሠርቷል ብሎ ነው የሚተኛው።»

ጎሽ ሽቅብ ወጣ።

በማግስቱ ሾላው ላይ ልጥ ተሰቀለ። በዝንጀሮ እጅ አልተጻፈም፤ ፊደሉ ትልልቅና ጠማማ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ምንም። ሄጄ አይቻለሁ።» ኮቴው በጥልቀት ታትሞበታል።

ሸንጎው አነበበው። ነጋሪቱ ልጎስም አልጎስም ብሎ ሲያመነታ ቆየና ተወው። ከዚያ ጫጫታው ተነሳ። ቀበሮ «ይሻር» አለ። ጥርኝ «ይሻር» አለ። ከኋላም ብዙዎች «ይሻር፣ ይሻር» አሉ። ጎሽ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ጃርት እጇን አነሳች። አያ ኤሊ «ዝም በሉ፣ ጠያቂዋ ትናገር» አለ።

«የሚያምሩትን መልሶች አጨብጭባችሁ ተቀበላችሁ» አለች ጃርት። «እውነተኛውን ሲጽፍልን ይሻር ካላችሁ፣ ከእንግዲህ ማን እውነቱን ይጽፍልናል? የሚመጣው ኃላፊ ሥራውን ተምሮ እስኪወርድ እሳቱ አይጠብቀንም። አያ ጎሽ ቦታውን በእግሩ ያውቀዋል። መጀመሪያ ይጥረግልን። ሌላውን በጋው ሲያልፍ እንነጋገራለን።»

ዞር ዞር ብለው ተያዩ። አያ ኤሊ «እንደተባለው ይሁን» አለ።

ጎሽ ከርከሮዎቹን ከፊት አስቀድሞ ወረደ። ዝንጀሮም አብሮ ወረደ፤ በየቀኑ ሥራ ሲቆም፣ እዚያው መስኩ ላይ እየቆጠረ፣ የተጠረገውን ልጥ ላይ ያሰፍራል። ቆቅ ያለችበትን ቦታ ግን ዞረው ነው ያለፉት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከድንጋይ ክምሩ ጥግ ትንሽ ሲቀራቸው እሳቱ መጣ።

ከቆላ በኩል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ እየተንጣጣ መጣ። እሳትም በዚያ ዘመን አፍ ነበረውና «ሣር አምጡ፣ ሣር አምጡ» ይላል። ዳርቻው ላይ ሲደርስ ባዶ መሬት አገኘ። ወደ ግራ ሄደ፣ ባዶ ነው። ወደ ቀኝ ሄደ፣ ባዶ ነው። ባልተጠረገው በድንጋይ ክምሩ ጥግ በኩል ግን ሾልኮ ገባ። ጎሽና ከርከሮዎቹ እየረጋገጡ እስኪያጠፉት ድረስ እዚያ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ በላ። የጃርት ጎሬ እዚያ ነበር። ከነያዘው አመድ ሆነ።

ቆቅ በተቀመጠችበት አልተነሳችም። መነሳት አላስፈለጋትም።

ጭሱ ሲገለጥ ጎሽ ግንባሩ ጠቁሮ ወደ ጃርት መጣ። «አንድ ቀን ብቻ ነው የጎደለን» አለ። «የመጀመሪያውን ልጥሽን አንብቤው ቢሆን ኖሮ ይህ ጥግም ይደርስ ነበር።»

«ጎሬ ይቆፈራል» አለች ጃርት፤ ዓይኗ ግን አመዱ ላይ ነበር። ጎሽ ቀንዱን ከለስላሳው አፈር ላይ ተክሎ መቆፈር ጀመረ፤ እሷም ከጎኑ ሆና አፈሩን በእጇ ወደ ኋላ ትገፋለች።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ጫካ ችንካሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም ይባላል። የውሃውም ተጠየቀ፣ የመንገዱም ተጠየቀ። ኃላፊዎቹ መጀመሪያ ያጉረመርሙ ነበር፤ ኋላ ግን ልጥ ሳይሰቀልባቸው ቀድመው ወርደው መቁጠር ለመዱ።

እኔም የሰማሁትን ሳልቀንስ ነገርኳችሁ፤ ለእኔ ጉሮሮዬን የማረጥብበት ውሃ፣ ለእናንተ የምታስቡበት ልብ ይስጠን። ሹም በጩኸት ከወንበሩ አይነሳም፣ በጭብጨባም አይነሳም፤ ከወንበሩ አስነስቶ መስክ ድረስ የሚያወርደው፣ ሄዶ ሳያይ ሊመልሰው የማይችለው፣ በጽሑፍ የቀረበለት አንድ አጭር ጥያቄ ነው።