የአቶ ዋሲሁን ሚዛን

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ሸዋንግዛው ጤፍ ሊሸምት ወደ አቶ ዋሲሁን እህል መደብር ጎራ ቢል ደጁ በሰው ተጨናንቋል። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሲስተር የሺመቤት ገበያተኛውን ልትመዝንበት ያመጣችው ሚዛን ተበላሽቶባት፣ የአቶ ዋሲሁንን የእህል ሚዛን ተውሳ ሰዉን ተራ በተራ ታወጣበታለች። አቶ ዋሲሁን ኩንታል ላይ ተደላድለው ተቀምጠው በሚመዘነው ሁሉ ይቀልዳሉ። እሳቸው እንደሆኑ ሆዱ ቀድሞት የማይገባ ነጋዴ፣ ነጋዴ አይመስላቸውም።

«ይሄንንማ ከነስፌት መኪናው መዝኚው» አሉ፣ ቀጫጫው ሸዋንግዛው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ።

ሸዋንግዛው ከሰዉ ጋር ሳቀ፤ ውስጡ ግን አልሳቀም። የሰውየውን ሱሪ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ አስፍቷል። አራት ደረጃ ከወጡ በኋላ ቃል መተንፈስ እንደሚያቅታቸውም አይቷል። ይወዳቸዋል። «ጋሼ፣ እስቲ ሐኪም ይይዎት» ባለ ቁጥር ግን «ተመችቶኝ ነው፣ አንተ ምቀኛ» እያሉ ያባርሩታል።

በመጨረሻ እሳቸውም ወጡ። ዘጠና ስምንት ኪሎ። ሲስተር የሺመቤት ቁመታቸውን በሜትር ለካች፤ ኪሎውን ለቁመታቸው አካፈለች፣ የመጣውን ደግሞ እንደገና ለቁመታቸው አካፈለች።

«ሠላሳ ስድስት» አለች፣ መዝገቧ ላይ እየጻፈች።

«ከሁሉም በለጥኩ ማለት ነው?»

«በልጠዋል ጋሼ፣ ግን ደግ አይደለም። ጤናማ የሚባለው ከአሥራ ስምንት ተኩል እስከ ሃያ አምስት ያለው ነው። ሠላሳን ሲያልፍ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ታመዋል አላልኩም፤ ግን ሰኞ መጥተው ይመርመሩ።»

አቶ ዋሲሁን ከሚዛኑ ዱብ ብለው ወረዱ።

«የምን ስኳር ነው የምታወሪው? ሚዛኑ ነው እንጂ። አርጅቷል፤ ሃያ ኪሎ ያህል ጨምሮ ነው የሚያሳየው። በይ ሰርዢው።»

ሲስተር የሺመቤት ግራ ገባት። የሚዛኑ ባለቤት እንዲህ ካሉ ምን ትበል? እስክሪብቶዋን አነሳች። ሸዋንግዛው ደነገጠ፤ አሁን ከተሰረዘ ሰውየው ጤና ጣቢያ ደጃፍ እንደማይደርሱ ያውቃል።

«ቆይ እህቴ፣ አትሰርዢው» አለ፣ ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል እንዳደረገ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ በዚሁ ሚዛን ነው የሸመትነው። ወይ እርስዎ ወፍረዋል፣ ወይ የእኛ ጤፍ ሲጎድል ኖሯል። ሰዉ ሁሉ እየሰማ ነው፤ የቱ ይሁን?»

አቶ ዋሲሁን ደጃቸውን የሞላውን ሸማች አዩ። አንዲት ሴትዮ የገዙትን ጤፍ ከጀርባቸው አውርደው መልሱን ይጠብቃሉ።

አቶ ዋሲሁን ላባቸውን ጠረጉ።

«ተይው ልጄ፣ ሚዛኑ ልክ ነው» አሉ። «ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?»