እሳት የማትጭረው ሽኮኮ

ተረቴ መጣች፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታ ስጧት። አንተ ከኋላ የምታንሾካሹከው፣ ጆሮህን ወዲህ። የምነግራችሁ ጥያቄ ስለምታበዛ ሽኮኮ ነው። እሷ እንኳ መልስ ሲሰጧት ዝም ብላ ትሰማ ነበር፤ ባይገባትም።

ድሮ፣ እንስሳት ጎጆ እየቀለሱ፣ እሳት እያነደዱ በሚኖሩበት ዘመን፣ ከአንድ ገደል ሥር አንዲት መንደር ነበረች። በመንደሯ ጃርት ነበር፤ እማማ ኤሊ ነበሩ፤ ጦጣ ነበረች። ጅብና አህያም ነበሩ። ጅብና አህያ በአንድ መንደር እንዴት ኖሩ አትበሉኝ፤ እደርስበታለሁ።

ወደዚህች መንደር አንዲት ሽኮኮ ከልጆቿ ጋር መጣች። የተወለደችበት ቋጥኝ ተንዶ፣ ዘመዶቿ ተበታትነው ነበር። ከዚያ ሁሉ ያተረፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቷን ምድጃ እሳት። ፍሙን በማሰሮ ይዛ፣ በዐመድ ዳፍና፣ መንገዱን ሁሉ እፍ እያለች አመጣችው።

እሳቱም አፍ ነበረውና፣ "አደራ፣ እንዳታጠፊኝ። እኔ ጠፋሁ ማለት የእናትሽ ቤት ጠፋ ማለት ነው" ይላት ነበር።

"አላጠፋህም" ትለው ነበር። አላጠፋችውምም።

ሽኮኮ ቸር ነበረች። እሳት የጠፋበት ሲመጣ ትልቁን ፍም ትሰጣለች። ደቦ ሲጠራ ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። የጦጣን ጣሪያ ስትከድን ዋለች፤ የአህያን አጥር ስታጥር ዋለች፤ የጅብን ደጅ እንኳ፣ እየፈራችም ቢሆን፣ ስትጠርግ ዋለች። ከማንም ግን ምንም ጠይቃ አታውቅም። "ሰው ማስቸገር አልወድም" ትል ነበር።

የክረምቱ ደመና መሰብሰብ ሲጀምር የመንደሩ ጣሪያ ሁሉ ታደሰ፤ የሽኮኮ ብቻ ቀረ። ሣሩ በስብሷል፤ ማገሩ ጎብጧል። ዝናቡ ከገባ ልጆቿ በብርድ ማለቃቸው ነው። "ዛሬ ይመጡልኛል" አለች፤ ማንም አልመጣም። "ነገ ይመጡልኛል" አለች፤ ማንም አልመጣም። እንዲያውም እሳት ሊጭር ይመጣ የነበረው ሁሉ ከቤቷ ቀርቷል። ሆድ ባሳት።

"እርስ በርሳቸው እንዲህ እየተዋደዱ እኔን ለምን ረሱኝ?" አለች። ቀጥሎ ግን ጥያቄው ከሐዘኑ በለጠባት። "ይህን መንደር መንደር ያደረጉት እነ ጃርትና እማማ ኤሊ ናቸው ይባል የለ? ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ምን ሰጥተው ነው የተወደዱት? እኔም እሱኑ እሰጣለሁ።"

መጀመሪያ ጃርት ቤት ሄደች።

"አያ ጃርት፣ እንደምን ዋልክ?"

"ደኅና፣ ግቢ። ግን በጀርባዬ በኩል አትምጪ።"

"ዱሮ ማንም ወዳንተ አይጠጋም ነበር አሉ። ይኼን ሁሉ እሾህ ለብሰህ እንዴት ጎረቤት ሞላልህ?"

"አንድ ቀን አንዱ እሾኬ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ወጋኝ። እጄ አይደርስበት! ደጄ ላይ ቆሜ 'ኧረ የሰው ያለህ!' ብዬ ጮህኩ። ጦጣ መጥታ ነቀለችልኝ። በማግስቱ ቁስሌን ልትጠይቅ መጣች። በሦስተኛው ቀን አህያን አስከትላ መጣች። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ጭር ብሎ አያውቅም።"

"ታዲያ ምን ሰጠሃቸው?"

"ምን እሰጣለሁ? ጮህኩ እንጂ!"

"ሊነግረኝ አልፈለገም" አለች ሽኮኮ በልቧ። አመስግናው ወጣች።

ቀጥላ እማማ ኤሊ ዘንድ ሄደች።

"እማማ ኤሊ፣ ጅብና አህያን ያስታረቋቸው እርስዎ ነዎት አሉ። ምን ብለው መከሯቸው?"

እማማ ኤሊ ሳቁ። ሳቃቸው እንደ አካሄዳቸው ቀስ ያለ ስለነበር ሽኮኮ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

"ምክር ከየት አምጥቼ፣ ልጄ! ወንዝ ዳር አዳለጠኝና በጀርባዬ ተገለበጥኩ። እግሬን ወደ ሰማይ ሰቅዬ ስጣራ፣ ጅብ በዚያ መጣ፤ አህያ በዚህ መጣች። ለየብቻ ቢሞክሩ አልቻሉኝም። 'በሉ፣ ሁለታችሁም በአንድ ጎን ያዙኝ' አልኳቸው። ጅብ እኔን እያየ ይገፋል፤ አህያ ጅቡን እያየች ትገፋለች። ብቻ አነሡኝ! ከዚያ በኋላ ጅብ 'አብራኝ ሸክም ያነሣችዋን አህያ እንዴት ብዬ እበላለሁ?' አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደምን አደርሽ ይላታል። እሷም ትመልስለታለች፤ ትንሽ ራቅ ብላ ነው እንጂ።"

"እርስዎስ ምን ሰጧቸው?"

"ክብደቴን ነዋ!" አሉና እንደገና ሳቅ ጀመሩ። ሽኮኮ ይህኛውን ሳቅ ሳትጠብቅ ወጣች። ግራ ገብቷታል።

በመንደሩ መሃል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ አንድ አሮጌ ገል ይቀመጥ ነበር። ዱሮ እንስራ ነበር፤ ተሰብሮ ገል ሆነ። እሳት የጠፋበት ሁሉ እሱን አንሥቶ ጎረቤት ይሄዳል፤ ፍም ይጭርበታል፤ ሲጨርስ እድንጋዩ ላይ ይመልሰዋል። ሽኮኮ ሦስተኛ እሱ ዘንድ መጣች።

"ጋሼ ገል፣ አንተ የማትገባበት ቤት የለም። ምን ብሰጥ ነው የመንደሩ ሰው የምሆነው?"

ገል መልሶ ጠየቃት። "እስቲ መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ፤ አንሥተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ በጭራሽ! እሳቴ ጠፍቶ አያውቅም። ቢጠፋስ ሰው ለምን አስቸግራለሁ?"

"በየቤቱ የሚሉትን ልንገርሽ?"

"ንገረኝ።"

"'ያቺ ሽኮኮ ከእኛ ፍም እንኳ አትጭርም፤ ምድጃችንን ተጸይፋ ነው' ይላሉ። መጀመሪያ በደስታ ይመጡልሽ ነበር። ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ግን ያሳፍራል፤ እየተሳቀቁ ቀሩ።"

ሽኮኮ አፏን ያዘች። "እኔ እኮ እንዳልከብዳቸው ብዬ ነው!"

"እነሱም እንዳይከብዱሽ ብለው ነው" አለ ገል።

ይህን ሲባባሉ ሰማዩ አጉረመረመ። ሽኮኮ ወደ ቤቷ በረረች።

ስትደርስ ዝናቡ በጣሪያው ቀዳዳ እየገባ ነው። ልጆቿ ጥግ ላይ ተቃቅፈው ይንቀጠቀጣሉ። እሳቱም እምድጃው ላይ ይንጫጫል። በቤቱ ያለው ቁርበት አንድ ብቻ ነው።

"ቁርበቱን በእኔ ላይ!" አለ እሳት።

"እማዬ፣ በረደን!" አሉ ልጆቿ።

"የእናትሽ አደራ ነኝ!" አለ እሳት።

"እማዬ!" አሉ ልጆቿ።

ሽኮኮ ወዲያ አየች፤ ወዲህ አየች። ቁርበቱን አነሣችና ልጆቿን አለበሰች። እሳቱ ጭሽሽ ብሎ ጠፋ። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ቋጥኙ ከተናደ ወዲህ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም።

አለቀሰች፣ አለቀሰችና ዐይኗን ጠርጋ ተነሣች። በዝናቡ ወጥታ ገሉን ከድንጋዩ ላይ አነሣች።

"ምነው ቆምሽ?" አለ ገል።

"ፈርቼ ነው። እምቢ ቢሉኝስ?"

"እኔ እንጃ፤ ሄደን እንይ" አለ ገል። እሱም ለማወቅ ጓጉቷል።

የጦጣን ደጅ አንኳኩ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። እሳት... እሳት ልጫር መጥቼ ነው።"

በሩ ብርግድ አለ። "አንቺ? ከእኔ ቤት? ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል!" አለች ጦጣ። ትልቁን ፍም እየጫረችም፣ "እሳትሽ እንዴት ሆኖ ጠፋ?" ብላ ጠየቀች።

"ጣሪያዬ አፍስሶ።"

"ታዲያ ደቦ አትጠሪም?"

"ትመጡልኛላችሁ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።"

"ሳትጠሪን? ባለቤቱ ሳይጠራን የሰው ጣሪያ ላይ ብንወጣ፣ ጓዳ ሊያዩ ነው አንባልም? እኛማ ትጠራናለች ብለን ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ አትፈልገንም ብለን ተውነው!"

ሁለቱም ተያዩ። ሁለቱም አፈሩ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ሽኮኮ ፍሙን ከዝናቡ ሸፍና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ በማያፈሰው ጥግ አንድዳ ልጆቿን አሞቀች። ዝናቡ ሲያባራ ከቤት ቤት ዞረች። በየደጁ ቆማ፣ "ጣሪያዬ ሊወድቅብኝ ነው፤ ነገ ድረሱልኝ" አለች። መጀመሪያው ደጅ ላይ ድምጿ አልወጣ ብሏት ነበር፤ መጨረሻው ደጅ ላይ ግን ጮክ ብላ ነው የተናገረችው።

በማግስቱ ሁሉም መጡ። ጃርት ሣሩን በእሾኩ ሰክቶ በአንድ ጊዜ ሸክም ሙሉ አመጣ። እማማ ኤሊ ዘግይተው ደረሱና መወጣጫ ሆኑ። ጅብ ማገር ሲያቀብል አህያ ተቀበለች፤ እጁን እያየች ነው ታዲያ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ተከደነ። ሁሉም እምድጃው ዙሪያ ተቀመጡ።

ሽኮኮ ግን እሳቱን አይታ ዐይኗ እንባ ሞላ።

"አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?" አለች ጦጣ።

"የእናቴን እሳት አጣሁት። ከአገሬ ያመጣሁት እሱን ብቻ ነበር።" ወደ ምድጃው ዞር አለችና፣ "ለመሆኑ አንተ ከየት የመጣህ እሳት ነህ?" አለችው።

እሳቱ ብልጭ አለ። "እኔማ ዓምና ጦጣ ከዚሁ ምድጃ የጫረችኝ ነኛ! ከጦጣ ጃርት ጫረኝ፤ ከጃርት አህያ፤ ከአህያ ጅብ፤ ከጅብ እማማ ኤሊ። በዚህ መንደር የእናትሽ እሳት የሌለበት ምድጃ የለም። እኔ ከጠፋሁ የእናትሽ ቤት ጠፋ ስልሽ ተሳስቼ ነበር።"

"ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሽኮኮም እያለቀሰች ሳቀች።

ልጆቼ፣ መስጠት ደግ ያሰኛል። ቤተኛ የሚያደርገው ግን የሰው ደጅ ቆሞ "ቸግሮኛል" ማለት ነው። ተረቴ አለቀች፤ አፌም ደረቀ። በሉ፣ አንድ ጣሳ ውሃ የሚያቀብለኝ ማነው? ይኸው፣ እኔም ጠየቅኩ።