አህያ የቀጠረችው ዘበኛ

አንድ ጊዜ ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ጨው ስትሸከም የኖረች አህያ፣ ጀርባዋ ተላልጦ ባለቀ ጊዜ «ከእንግዲህስ የራሴን ልነግድ» ብላ ወንዝ ዳር ዳስ ጣለች። ፍየሉም፣ በጉም፣ ድኩላውም ሣርና ገብስ እያመጣ ጨው ይልስ ጀመር። አህያ ጭነት ሳይኖርባት ቆማ መዋሏ ብቻ ሕልም ሕልም ይመስላት ነበር።

ችግሩ ጅብ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጫካው ብቅ እያለ ደንበኞቿን ያስበረግግባታል። ስለዚህ ዘበኛ ፈለገች።

መጀመሪያ ውሻ መጣ። «እትዬ፣ በቀን አንድ ቂጣ ከሰጡኝና ደጅዎ ካስተኙኝ ይበቃኛል። ጅቡን ገና ከሩቅ አሸተዋለሁ» አላት።

ሊስማሙ ሲሉ ደላላው ቀበሮ ደረሰ።

«እመት አህያ፣ አንቺን የምታህል ነጋዴ በውሻ ትጠበቅ? አገር ምን ይላል? አንበሳን አመጣልሻለሁ፤ ስሙ ብቻ ይበቃል!»

«ደመወዙስ?»

«በሳምንት አንድ ሙክት። ገበያሽ ሲደራ ይህች ምን አላት!»

የአህያ ልብ አበጠ። ውሻን አሰናበተችው። ቀበሮም የድለላውን እጅ በእጅ ተቀብሎ ሄደ።

አንበሳ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተጋደመ። ጅብ በዚያው ቀን አገር ለቆ ጠፋ። አህያ ደስታዋን አልቻለችውም። በማግስቱ ግን ፍየሎቹ ጉብታው ላይ ደርሰው ተመለሱ፤ ድኩላም ቀረ። ብትጣራ፣ አንዲት አሮጊት በግ ከሩቅ ሆና «አይ ልጄ፣ ልልስ መጥቼ ልላስ?» አለቻት።

ሳምንቱ ሲሞላ አህያ ቀበሮ ዘንድ ሮጠች።

«የኔ ሥራ ማገናኘት ነው፤ የቀረው የሁለታችሁ ነው» ብሏት ጉድጓዱ ገባ።

«ልሽሽ» አለች በልቧ። ዳሷን ጥላ መሄዱ ግን አልሆነላትም፤ እግሯ እየተጎተተ ተመለሰች። አንበሳ ተነሥቶ ቆሟል።

«ደመወዜስ?»

«ጌታዬ፣ ደንበኛው ሁሉ ሸሸ። ከዚህ ጨው በቀር የምሰጥዎት የለኝም።»

አንበሳ ጨዉን አየ፤ እሷንም አየ።

«ጨዉማ አለ» አላት፤ «የጎደለው ሥጋው ነው።»

ከዚያ ወዲያ ወንዙ ዳር የሚገበያይ አልተገኘም። ዳሱ ዘመመ፤ የተረፈውን ጨው ዝናብ አጥቦ ወሰደው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ ስንጀምር የምንቀጥረውን ሰው ለሥራችን በሚበጀውና በአቅማችን ልክ ሳይሆን በስሙ ትልቅነት ከመረጥነው፣ ደመወዙ እኛኑ እንደሚበላን ነው።