አንጓች ሸማውን የቸነከረች ዕለት

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ በረቱን ዝጉትና ዛሬ ከኔ ጋር ወደ ሐይቅ ውረዱ። የእንግሊዝ መርከበኞች ወደኋላ አልልም ያለውን ሰው «ባንዲራውን ከምሰሶው ቸነከረ» ይሉታል አሉ። የኛንም ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ባለ ጀልባ ነበረች። ያን ዓመት ተምች እህሉን ጨረሰውና ደሴቲቱ ዘር አጣች። አንጓችም የባሏን ወንድም ተገኘንና ቀዛፊዎቿን ይዛ ገበያ ወረደች። ለአገሩ ሁሉ የሚሆን ዘር ጫነች። ለራሷም አዲስ የወፍጮ መጅ ገዛች።

ሲመለሱ የሐይቅ ወንበዴዎች ደረሱባቸው። በዚያ ሐይቅ ጀልባ ሁሉ ምሰሶው ላይ ሸማ ይሰቅላል። ሸማውን ካወረደ እጁን ሰጠ ማለት ነው። ነፍሱ ትተርፋለች፤ ጭነቱ ግን ይወሰዳል።

የወንበዴዎቹ አለቃ ጮኸ፦ ሸማውን አውርዱ!

ተገኘ ፈርቶ ሸማው የሚወርድበትን ገመድ ያዘ።
ተገኘ፦ እታለም፣ እናውርደው። ነፍስ ካለ እህል ይገኛል።
አንጓች፦ ከየት ይገኛል? ዘሩ ከሄደ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?

እሷም ፈርታለች፤ ለምን እዋሻችኋለሁ። ግን እምቢ አለች። ከጀልባው መጠገኛ ሚስማር አነሳችና መጁን እንደ ሕፃን አዝላ ምሰሶውን ወጣች። ከዚያም ሚስማሩን በመጁ እየመታች ሸማውን ከእንጨቱ ጋር ቸነከረችው። ቋ! ቋ! ቋ! ገመዱንም ቆርጣ ውሃ ውስጥ ጣለችው።

ተገኘ፦ አበድሽ እንዴ? አሁን በምን እናወርደዋለን?
አንጓች፦ በጥርስህ ንቀለው! አለዚያ ቅዘፍ!

ምን ያድርግ? ቀዘፈ። ሁሉም መዳፋቸው እስኪላጥ ወደ ደሴቲቱ ቀዘፉ። አንዱ ወንበዴ ደርሶ የጀልባውን ጠርዝ ሲይዝ፣ ያ ፈሪ ተገኘ መቅዘፊያውን እጁ ላይ አሳረፈበት። ሌባ የወደቀ መልቀም እንጂ መታገል አይወድም። የደሴቲቱም ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ዱላውን ይዞ ወደ ዳር ወጣ። ወንበዴዎቹ ይህን አዩና ተመለሱ።

ዘሩ ሲራገፍ ተገኘ አፍሮ ቀረበ።
ተገኘ፦ እታለም፣ ያን ሁሉ ሚስማር የመታሽው እኔን ፈርተሽ ነው?
አንጓች፦ አንተንማ በጥፊ እመልስህ ነበር። የፈራሁት የራሴን እጅ ነው። ገመዱ ቢኖር ኖሮ እኔው አወርደው ነበር።

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፤ ብዙ ቀዝፌላችኋለሁና አፌን በዓሣ ወጥ አብሱ!