ሦስተኛው ዋስ

አንድ ንጉሥ አገሩን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነበረው። ወንዙ በየክረምቱ ሰውና ከብት ይወስዳል። ንጉሡ ድልድይ ሊያሠራ ቢያስብ ግምጃ ቤቱን ያባቱ ጦርነት ጠርጎ በልቶታል። ስለዚህ ብርቁ የተባለውን ባለጸጋ ነጋዴ አስጠራ።

«በገንዘቤ እሠራዋለሁ» አለ ብርቁ። «ሠላሳ ዓመት ቀረጡን ልብላ፤ ከዚያ ድልድዩ የእርስዎ ነው። ብቻ እስከዚያ ድረስ ማንም በሌላ በኩል እንዳይሻገር ይማሉልኝ።»

ንጉሡ ቸኩሎ ነበር፤ ክረምቱ ደርሷል። እንደ አገሩ ወግ ነጋዴው ዋስ ጠራ፤ ንጉሡም ዋስ ጠራ። ውሉ ታሰረ፤ በሬ ታረደ። ድልድዩም ድንቅ ሆነ። ወንዙ ሰው መውሰዱን ተወ፤ ሕዝቡም ቀረጡን እየከፈለ ሁለቱንም መረቀ።

ከዓመታት በኋላ ዝናብ ቀረ። ወንዙ ደረቀ። የጉድጓድ ውሃ የተገኘው ከወንዙ ማዶ ብቻ ነበርና ሰዉ ከብቱን እየነዳ በደረቁ አሸዋ ላይ መሻገር ጀመረ። የብርቁ ዘበኞች ወርደው መንገዱን ዘጉ። ቀረጥ አሉ።

ይመኙሻል የተባለች ባልቴት ችሎት ቀርባ ጮኸች። «ጃንሆይ፣ ይህ ሰውዬ አሸዋ ስለረገጥሁ ያስከፍለኛል! ድልድዩ ዘንድ ድርሽ አላልሁም!»

«ውሉ ከድልድዩ በቀር አይሻገሩ ነው የሚለው፣ እሜቴ» አለ ብርቁ። «ውሃ ካለ የሚል ቃል የለበትም።»

«እንግዲያው ደመናው ላይም ዘበኛ አቁምበት! ዝናቡ ከሰማይ ወደ ምድር ያለ ቀረጥ እንዳይሻገርብህ!»

ችሎቱ ሳቀ። ንጉሡ ግን አልሳቀም። ቃሉን ቢያጥፍ ነገ ወፍጮ የሚተክል፣ መንገድ የሚጠርግ ነጋዴ ወደ አገሩ ዝር አይልም። ቃሉን ቢጠብቅ የሚከፍለው የሌለው ሰው ውሃ ያጣል፤ ከብቱ ያልቃል፤ ከከብቱ ቀጥሎ ሰዉ። ሁለቱን ዋሶች አስቀረበ። አንዱ «እኔ የነጋዴው ዋስ ነኝ» አለ፤ ሌላው «እኔ የጃንሆይ» አለ።

«የእኔስ ዋስ የታለ?» አለች ይመኙሻል።



ንጉሡ ፈረደ። «የማልሁት እኔ ነኝ እንጂ እርሷ አይደለችም። ዝናብ እስኪመጣ የአሸዋውን ቀረጥ ከገዛ በረቴ እከፍላለሁ።» ዝናቡ ሲመጣ በበረቱ አንዲት ጊደር አልቀረችም።

ያን ጊዜ ሕግ አወጀ። ከእንግዲህ መንግሥትና ነጋዴ ሲዋዋሉ ሦስተኛ ዋስ ይጠራ፤ እርሱም ለሚሻገረው ሰውና ገና ላልተወለደው ልጅ ዋስ ይሁን። ክፉ ቀን ቢመጣ ማን ምን እንደሚሸከም በውሉ ይነገር፤ ውሉም በገበያ ቀን ለሕዝብ ሳይነበብ አይታሰር።

ንጉሡ ሞተና ልጁ ነገሠ። ልጁ የአባቱን ሕግ አልሻረም፤ እንዲያውም በየበዓሉ ያስነብበዋል። ብቻ ብርቁ ለሚሠራው ቀጣይ ድልድይ ሦስተኛ ዋስ አድርጎ የብርቁን አማች ሾመ።

መንግሥት ሲቸግረው ባለገንዘብ መጥራቱ ነውር የለበትም። ነውሩ ሁለት ሰዎች ተዋውለው ሦስተኛው መሸከሙ ነው። መልካም ሕግም ቢሆን የሚቆምለት ሰው ካጣ የበዓል ንባብ ሆኖ ይቀራል።

በአገራችሁ አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጠውን ሁላችሁም አይታችኋል። ሦስተኛው ዋስ ማን ነበር?