እመቤታችን አራሲቱን እኅተ ክርስቶስን ከገደል አፋፍ እንደ መለሰቻት

የክርስቶስ ወገኖች ሆይ፥ ጆሯችሁን አዘንብሉና ንጽሕት ድንግል ለአንዲት አራስ ያደረገችውን ስሙ።

በደብረ ምሕረት አጥቢያ እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሴት ነበረች፤ እመቤታችንንም እጅግ ትወድ ነበርና በየቀኑ ከምትፈትለው ጥጥ የመጀመሪያውን ልቃቂት ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትሰጥ ነበር፥ ስትፈትልም «ሰላም ለኪ» ማለትን አታቋርጥም ነበር።

ባገባችም በሦስተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ነገር ግን ሆዷ እንደ ረገበ ቀረ፥ ቆዳዋም ተሸበሸበ፥ ጠጉሯም ረገፈ። የባሏም እኅት ጥሩወርቅ አራስ ልትጠይቅ መጥታ በሴቶች ፊት «አንቺ፥ መንታው ገና አልወጣም እንዴ? ሰው እስክትመስዪ ድረስ ለክርስትናው እንኳ እንዳትወጪ» አለቻት፤ ሴቶቹም ሳቁ።

ከዚያም ቀን ጀምሮ እኅተ ክርስቶስ እህል መቅመስ ተወች፥ ሆዷንም ትንፋሽ እስኪያጥራት በመቀነት ጠፍራ አሰረች፥ ወተቷም ነጠፈና ሕፃኑ ይጮህ ጀመር። ሐዘንም በልቧ ገብቶ «ያለ እኔ ይሻለዋል» አሰኛት። በወለደችም በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን በቀትር ሕፃኑን ለጎረቤቷ ለአረጋሽ ሰጥታ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደች።

በዚያም አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ተቀምጣ አገኘች። ሴቲቱም እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና መቀነቱን እየፈታችላት «ማን እንዲህ አሰረሽ?» አለቻት። እርሷም አልቅሳ ሁሉን ነገረቻትና «እመይቴ፥ ወደ ድሮ መልኬ የሚመልሰኝ ባገኝ!» አለች። ያን ጊዜ የሴቲቱ ፊት እንደ ፀሐይ በራ፥ እመቤታችንም እንደ ሆነች ዐወቀች። እመቤታችንም «አልመልስሽም፤ ምን አጠፋሽና? ይህ ሆድ ልጄ የፈጠረውን ሰው ተሸክሟል፤ ማፈር ያለበት የሳቀበት ነው። እኔም አጥብቻለሁ፥ በስደትም ልጄን አዝዬ ደክሜአለሁ። ሂጂ፥ ብዪ፥ ሐዘንሽንም ለአረጋሽ ንገሪያት፤ ብቻሽን አትሸከሚው» ብላት ተሰወረች።

እኅተ ክርስቶስም ተመልሳ ለአረጋሽ ሁሉን ነገረቻት፤ አረጋሽም አቅፋት «እኔም በመጀመሪያ ልጄ እንዲሁ ሆኜ ነበር፥ ለማንም ግን አልተናገርኩም» አለችና አጥሚት አጠጣቻት፥ ወተቷም እንደ ምንጭ ፈሰሰ።

በነጋውም አርባው ቀን ነበርና ልጇን ታቅፋ፥ ሆዷን በመቀነት ሳትጠፍር፥ ቀጥ ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጥሩወርቅም በደጁ አግኝታት «ኧረ አታፍሪም!» አለቻት። እርሷም «አላፍርም። የወንድምሽን ልጅ የተሸከመ ሆድ ነው፤ ካሳፈረሽ አንቺ ፊትሽን አዙሪ» አለቻትና አልፋት ገባች።

ሐዘኑም በአንድ ቀን አልለቀቃትም፤ አረጋሽ ግን ዕለት ዕለት እየመጣች አብራት ተቀመጠች፥ እርሱም ጥቂት በጥቂት ተወገደላት። ሆዷም እስከ ዕለተ ዕረፍቷ እንደ ረገበ ኖረ፤ እርሷ ግን ስለ እርሱ አንገቷን አልደፋችም፥ እመቤታችንንም ስታመሰግን ኖረች።

የድንግል ረድኤት በአራሶች ሁሉ ላይ ይደር፥ የሚዘብቱባቸውንም አፍ ትዝጋ፥ ይህንን የሰማችሁ እናንተንም ከሐዘን ጥልቅ ታውጣችሁ፤ ለዘላለሙ አሜን።